ምንም እንዳላስብ የተጠየቅኩ ጊዜ

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ ምንም አትሥራ ተብዬ ያልተሳካልኝ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ናይሮቢ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ ከሁለት ሺህ ጥቂት ዓመታት በኋላ። አንዲት ፈረንጅ ተመራማሪ ሆስፒታል ውስጥ ከትልቅ ማሽን ሆድ ውስጥ አጋድማኝ፣ «በቃ፣ አሁን ምንም አታስብ። ጋደም በል፤ እንቅልፍ ግን እንዳይወስድህ» አለችኝ። ቀላል መሰለኝ። መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት የተለማመድኩት ሥራ ነው ብዬ ነው የገባሁት።

ያኔ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት አስተርጓሚ ነበርኩ። ነገሩን ያመጣብኝ ኬንያዊ ባልደረባዬ ነው። «ካገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ይፈልጋሉ። ጭንቅላትህን በማሽን ያነሱሃል፤ መርፌ የለው፣ መድኃኒት የለው» አለኝ። ተመራማሪዋ ለትምህርቷ የምታጠናው ሰው ሥራ ፈትቶ ጋደም ሲል ጭንቅላቱ ምን እንደሚሠራና ከሰው ጋር ያለው ኑሮ ምን እንደሚመስል ነበር፤ ሁለቱ ይገናኙ እንደሆነ ማየት ነው የፈለገችው። «ጭንቅላት ዕረፍ ቢሉት አያርፍም» አለችኝ የተገናኘን ዕለት። «ሥራ ሲያጣ ወደ ሰዎች ነው የሚሄደው። ማን ምን አለኝ፣ እኔስ ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ እያለ ይውላል።» ወይ ጉድ! ይቺን ልጅ ማን ጓዳዬ አስገባት ብዬ ደነገጥኩ።

ምክንያቱም ያን ጊዜ ከእህቴ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት አላት። ናይሮቢ ያመጣችኝም፣ ሦስት ዓመት ሶፋዋ ላይ ያስተኛችኝም እሷ ናት። አባታችን አዲስ አበባ ሲሞት እኔ የሥራ ፈቃዴን እየጠበቅኩ በየጠዋቱ ኢሚግሬሽን እሰለፍ ነበር። እትዬና እዚያው ናይሮቢ ያለው የሐበሾች ዕድር ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ «ፈቃዱ እጁ እስኪገባ አይነገረው፤ ከሰማ ሁሉን ጥሎ ይሄዳል፣ ዳግመኛም አይገባም» ብለው ወሰኑ። ሠላሳ ሰባት ቀን! ሠላሳ ሰባት ቀን ሙሉ አብረውኝ በሉ፣ አብረውኝ ሳቁ።

መደበቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይበርድልኝ ነበር። በኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ጊዜ ይመረጣል፣ ንጋት ላይ ይመጣል። እኔም ለሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ። ውስጤ የቀረው ሹራቡ ነው። በዚያው ሰሞን ለአባዬ አንድ ቡናማ ሹራብ ገዝቼ፣ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ላኪለት ብዬ ለእትዬ ሰጠኋት። ከሳምንት በኋላ ከሰልፉ ላይ ደውዬ «ደረሰው?» አልኳት። «ደርሶታል» አለችኝ። «ልክ ሆነው?» አልኳት። «ልክ ሆነው፤ መረቀህ» አለችኝ። አባዬ ያኔ ከተቀበረ ሃያ ቀኑ ነበር።

ፈቃዴ በወጣ ማግስት ንጋት ላይ መጥተው ነገሩኝ። ሐዘኑን ተቀመጥኩ፣ ለቀስተኛው ተሸኘ፣ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ከዕድሩም ወጣሁ። ካሳራኒ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከሳውዝ ሲ ካሳራኒ ሁለት ማታቱ፣ ማለትም ሁለት ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ መንገዱ ተጨናንቆ ጃም ሲሆን ደግሞ ሌላ አገር ማለት ነው። ሐበሻ የማይደርስበት ሰፈር ብዬ አስቤበት ነው የመረጥኩት። እትዬ ስትደውል አላነሳም፤ ኋላ እሷም መደወሏን ተወችው።

እንግዲህ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ፎርም ሙላ ተባልኩ። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ማክበብ ነው። «የአንድ ማኅበረሰብ አካል እንደሆንክ ይሰማሃል?» አንድ። «ሰዎች በጠቅላላው የሚታመኑ ናቸው?» አንድ። «ብትቸገር የሚደርስልህ አለ?» አንድ። ዜሮ ቢኖር ዜሮን ነበር የማከብበው። እንዲህ እየፎከርኩ መጨረሻው ገጽ ደረስኩ። «ድንገት ብትፈለግ የምንደውልለት ሰው ስልክ» ይላል። እጄ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አያስፈልገኝም ያልኩ ሰው ለአንድ ባዶ መስመር መልስ አጣሁ። ባዶውን ልተወው ደግሞ አፈርኩ። በዓለም ላይ በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ጻፍኩት። ማን ሊደውል ብዬ!

ቀበቶዬን፣ ሰዓቴን፣ ሳንቲሜን ተቀብለው አስገቡኝ። ማሽኑ ወፍጮ ቤት የገባህ ያህል ይጮኻል። ከፊቴ በትንሽ መስታወት ነጭ መስቀል ምልክት ይታየኛል። «ዓይንህን መስቀሉ ላይ አድርግና ምንም አታስብ» አለችኝ በድምፅ ማጉያው። መስቀል እያየ ምንም የማያስብ ሐበሻ ከየት ልታገኝ ነው? ግማሽ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩና ከመሃሉ ሹራቡ መጣ። «ልክ ሆነው አልሽኝ? ማን ለካው?» እላታለሁ እትዬን። እሷ ትመልሳለች፣ እኔ እመልሳለሁ። አንዱን ክርክር ሦስት ጊዜ ደግሜ ሦስቱንም ጊዜ አሸነፍኳት። ስወጣ ሸሚዜ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

«ተረጋጋህ?» አለችኝ ተመራማሪዋ።

«በጣም» አልኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳግመኛ እንድመጣ ቀጠረችኝ። በመሃሉ ስልኬን ማታቱ ውስጥ ላፍ አደረጉኝ። ተመራማሪዋ ደግሞ የቀጠሮውን ቀን መለወጥ ፈልጋ ብትደውል ዝግ ነው። ፎርሙን ገለጠችና ለእትዬ ደወለች። ያለቻትን በኋላ ከሁለቱም ሰምቻለሁ፤ አንድ ነው። «ወንድምሽ ሆስፒታል ለጭንቅላቱ ማሽን የያዘው ቀጠሮ ወደ ሰኞ ተዛውሯል። ለምርምር ነው፤ ክፍያ የለውም። ብረት ያለው ልብስ እንዳይለብስ ንገሪልኝ።» በቃ። አንዲት ውሸት የለበትም።

እትዬ ስልኩን ዘጋችና እንደ ሐበሻ አሰበች። ጭንቅላት፣ ማሽን፣ ሆስፒታል፤ መቼም በጤና አይደለም። በነጻ፤ በነጻ የሚያዩት ያለቀለትን ነው። ለምርምር፤ ይሄማ መድኃኒት ሲጠፋ ነው። ደግሞ ሁለት ዓመት ዘግቷት የኖረ ወንድም የሷን ቁጥር ከሰጠ ነገሩ ከባድ ቢሆን ነው እንጂ! በዚያው ዕለት የዕድሩን ሰብሳቢ ጠራች። ተሰበሰቡ፣ ተወያዩ። «እንዳወቅን እንዳያውቅ» ተባለ። «ሕመምተኛ ሞራሉ ከወደቀ በቃ። ዝም ብለን እንጠይቀው።» ካሳራኒ የት እንደምኖር ከመሥሪያ ቤቴ አጣርተው አገኙት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም፣ በሬ ተንኳኳ። የግቢው አስካሪ፣ ዘበኛው ነው። «እንግዶችህ ብዙ ናቸው፤ ሰርግ አለህ እንዴ?» አለኝ በስዋሂሊ። ከኋላው ዘጠኝ ሰው ደረጃው ላይ ቆሟል። ፊት ለፊት የዕድሩ ሰብሳቢ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቀጥሎ እትዬ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዓይኗ ደም መስሎ። ኪዳን አድርሰው በዚያው መምጣታቸው ነው ለካ፤ እኔ ግን ምን አውቄ! አንድም ቃል ሳይናገሩ ገቡ። አልጋዬ ላይ አምስቱ፣ ወንበሩ ላይ ሰብሳቢው፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ አንዷ፣ የቀሩት ቆመው። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል ሆኖ፣ እንዲያ ዝም ብሎ የሚገባ ሐበሻ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚመጣው። እማዬ! አዲስ አበባ የቀረችው እማዬ! አልኩ በሆዴ።

«እንዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ ሰብሳቢው፣ በጣም በቀስታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በደህና ነው ጋሼ?»

«በደህና ነው፣ በደህና ነው። እንቅልፍ ይወስድሃል?»

«ይወስደኛል።»

«እህልስ ትቀምሳለህ?» አሉና ወደ እትዬ ዞሩ። «እስቲ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይቅመስ።»

እትዬ ከዘንቢሏ ሳህን አወጣች። ፍትፍት ነው። አጎረሰችኝ፤ ሁለት ዓመት ያላነጋገርኳት እህቴ! መርዶ የሚነግሩትን ሰው አስቀድመው እህል እንደሚያስቀምሱት የማያውቅ ማን አለ? ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይንገሩኝ» አልኩ።

«ምኑን ልጄ?»

«ሕፃን አይደለሁም! ገብቶኛል፤ ይንገሩኝ!»

ሰብሳቢው ወደ እትዬ ጠጋ ብለው «አውቋል» አሏት። እትዬም ዘወር አለችና «ማን ነገረህ?» አለችኝ።

ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? «ወይኔ እናቴ!» ብዬ ራሴን ያዝኩ። ራሴን መያዜን ሲያዩ ሕመሙ የተነሣብኝ መሰላቸውና ቤቱ ተደበላለቀ። ዘጠኙም አንድ ጊዜ ለቅሶውን ለቀቁት። ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ ወጡ፤ አንዱማ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ ነበር። እትዬ ደረቷን እየመታች «ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ጋሻዬ!» ትላለች። እኔም አብሬ እያለቀስኩ አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ተሰነቀረ። ቆይ። እናት ሞታ «ወንድሜ» ተብሎ ይለቀሳል እንዴ?

«እትዬ፣ ማነው የሞተው?» አልኳት።

ለቅሶው ቀጥ አለ። «ማን ሞተ? ማንም አልሞተም» አለች።

«እማዬስ?»

«እማዬማ ደህና ናት።»

«አባዬም ደህና ነበር፤ ሹራቡም ልክ ሆኖት ነበር።»

ይህን ስላት ፊቷ እንዴት እንደሆነ አልረሳውም። ስልኳን አወጣችና አዲስ አበባ ደወለች፣ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችልኝ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ። «ሃሎ! ምነው በማለዳ? ማን ሞተ? እንዳትደብቁኝ!» አለች እማዬ፣ በጤነኛ ድምፅዋ። ማንም እንዳልሞተ ለማሳመን ብዙ ደከምኩ። እሷም ሳታምነኝ ዘጋች።

ዘጠኙን ሰዎች ተራ በተራ አየኋቸው። «እማዬ ካለች እናንተ ለማን ነው የምታለቅሱት?» አልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ከረጢት ብርቱካን ተቀምጧል፤ ያኔ ነው ያየሁት። መርዶ ነጋሪ ብርቱካን አይዝም። ብርቱካን ለታመመ ነው።

«ለኔ ነው እንዴ?» አልኩ።

ተነሥቼ ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁ፤ ማሽኑን፣ ጥናቱን፣ ፎርሙን፣ የተሰረቀውን ስልክ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም ነው ልጄ። ታዲያ ካልታመምክ ማሽኑ ውስጥ ምን ሁን አሉህ?»

«ምንም አታስብ አሉኝ።»

«ይኸው!» አሉ ወደ ሰዎቹ ዞረው። «ለሕመምተኛ የሚባለው ይኸው ነው።»

ልስቅም ልናደድም ሞከርኩ። ምን ብዬ ላሳምናቸው? ደህና ነኝ ማለት ሁሉም ሕመምተኛ የሚለው ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምሽቱን፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ ብርቱካን እየላጥኩ እኔም መጠርጠር መጀመሬ ነው። ተመራማሪዋስ ብትደብቀኝ? የሚደበቅበት ሰው ሁልጊዜ የመጨረሻው ሰሚ ነው፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሁድን ራሴን ሲያመኝ ዋልኩ። በዕድሜዬ አሞኝ በማያውቅበት በኩል ነበር።

ሰኞ ሦስት ሆነን ሄድን፤ እትዬ፣ ሰብሳቢውና እኔ። ተመራማሪዋ ግራ ገብቷት ተቀበለችን። ሥዕሉን ኮምፒውተር ላይ ከፈተችና፣ «ይኸው፣ ጤነኛ ጭንቅላት ነው። ምንም የለበትም» አለች። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል ሰብሳቢው ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «እሱ ባለበት መቼም ሌላ አትልም» አሉ ለእትዬ በአማርኛ። «አንተ እስቲ ለትንሽ ጊዜ ውጣ።»

ወጣሁ! በገዛ ጭንቅላቴ ጉዳይ ተባርሬ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከበሩ ውስጥ የሰብሳቢው ድምፅ ይሰማኛል፤ ተመራማሪዋን በእንግሊዝኛ እያስማሏት ነው መሰለኝ። በኋላ እትዬ ብቻዋን ወጥታ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ምንም የለበትም አለች።»

«እውነትሽን ነው?»

«በአባ…» አለችና ቃሉን መለሰችው። በአባዬ ልትምል ነበር፤ አልደፈረችም። ነጠላዋን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «በምን ልማልልህ? እንደማታምነኝ አውቃለሁ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ሹራቡ እኔ ጋ ነው። ቁም ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ። ለሰው ልሰጠው ብዬ እጄ እንቢ አለኝ። ያን ቀን ምን ልበልህ? ሞቷል ልበልህ በስልክ? አፌ ያመጣልኝን ቀባጠርኩ» አለች።

ማሽኑ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያሸነፍኩበት ክርክር ነበረኝ። አንዱም ትዝ አላለኝም። ናፍቃኝ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፉኛ ናፍቃኝ ነበር።

«ዳግመኛ እንዳትደብቂኝ» አልኳት። «ምንም ይሁን። በስልክም አይሁን፣ ሽማግሌም አትሰብስቢ። በሰማሽበት ቅጽበት ተነሥተሽ ነዪ፤ ብቻሽን።»

«እሺ።»

«ፍትፍትም እንዳታመጪ።»

«እሺ አልኩህ እኮ! ምን ነካው ይሄን ልጅ!»

ከዚያ ወዲያ ለሳይንስ አልጠቀምኩም። ፎርሙን በድጋሚ ሙላ ስባል ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀመጡብኝ። «ብትቸገር የሚደርስልህ አለ?» የሚለውን ሳነብ ሰብሳቢው ተቆጡ። «ምን ታስባለህ? ስድስት በል! ቅዳሜ ማን ነበር አልጋህን የሰበረው?» አሉኝ። እውነትም አምስቱ የተቀመጡበት አልጋ ተሰብሮ ነበር። «ሰዎች የሚታመኑ ናቸው?» ላይ እትዬ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ አራት አከበበች፤ «አምስት ይበዛል» ብላ። ተመራማሪዋ ፎርሙን አየችና ሦስት ሰው የሞላውን ልትጠቀምበት እንደማትችል በትሕትና ነገረችን።

ማሽኑም ውስጥ ገባሁ። መስቀሉ መጣ፣ ጩኸቱ መጣ። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ቴርሞሷን ይዛ እንደተቀመጠች አውቃለሁ። ክርክር ልጀምር ብል ተከራካሪ የለም። ስነቃ ተመራማሪዋ ከላዬ ቆማለች። «እንዳትተኛ ብዬህ ነበር» አለችኝ፤ «አንኮራፍተሃል፣ ሥዕሉም ተበላሽቷል።» ይቅርታ ጠየቅኳት። ቴርሞሱ ውስጥ የነበረውን ሻይ አራታችን ኮሪደሩ ላይ ጠጣንና ተለያየን።

ወደ ሳውዝ ሲ ተመልሼ አልገባሁም፤ ካሳራኒን ለምጄው ነበር። እሁድ እሁድ ግን ምሳዬ እትዬ ጋ ሆነ። ወደ ዕድሩም ተመለስኩ። ሰዎቹ ባገኙኝ ቁጥር «ራስህን እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ እስከ ዛሬ ያላመኑ አሉ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ ዝናቡ ያለ ልክ በሚወርድበት ቀን፣ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ውያለሁ። በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናት። ብቻዋን ናት። የምግብ ቤቱን ሽርጥ እንዳሠረች ነው፤ ነጠላ የለ፣ ዘንቢል የለ። አንድ እግሯ የራሷን ጫማ፣ አንድ እግሯ የወጥ ቤት ነጠላ ጫማ አድርጓል። ከኋላዋ ደረጃው ባዶ ነበር።

«እማዬ ሞተች» አለችኝ፣ በሩ ላይ እንደቆመች።

ከአፌ የወጣው «መቼ?» የሚል ብቻ ነው።

እትዬ ሰዓቷን አየች። «ከሞተች ሁለት ሰዓቷ ነው» አለች።

ከሳውዝ ሲ ካሳራኒ፣ በዚያ ዝናብና በዚያ ጃም፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።